አራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ

ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ይህ ደብተር ለሥልጠና የተሰጠኝ ነው። ሥልጠናው ለሌላ ጊዜ ስለተላለፈ ደብተሩ ሥራ ፈታ። ቅጽ መሙላት ልማዴ ነውና ከቅጹ ልጀምር። ስም፦ የኔሰው አካለ ወልድ። ዕድሜ፦ ሠላሳ አምስት። ሥራ፦ በውሃ ተቋማት ክትትል ቅርንጫፍ የሪፖርት ባለሙያ። የጋብቻ ሁኔታ፦ በሂደት ላይ።

ዛሬ ከክልል ምክር ቤት አባል ደብዳቤ መጣ። መዝገብ ቤቱን የያዘችው ብሩክታይት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «ያንተ ዕጣ ነው» ብላኝ ሄደች። እንዲህ ይላል፦ «በምርጫ ክልሌ ስንት የውሃ ተቋማት አሉ? ስንቱ አገልግሎት ይሰጣሉ? ምላሹ በጽሑፍ ይሰጠኝ።» ፈራሚዋ ወይዘሮ ሰገነት ናቸው። ለሌላው የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ለእኔ ግን ሞጣ ስማር ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ቲቸር ሰገነት ናቸው። መልሱን ብቻ ጽፎ የሰጣቸውን ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ «አሠራሩስ?» ብለው ይመልሱት ነበር። መልሱ ልክ ቢሆንም ዜሮ። ስንት ዜሮ እንደ በላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኃላፊያችን አቶ ምንይሉ ደብዳቤውን ገና በሩቁ አይተው፣ ለየኔሰው ስጡት፣ የመሪጌታ ልጅ ነው፣ ቃል አያልቅበትም አሉ።

ጥር 17

ምላሹ ወጣ። አንድ ገጽ ተኩል። «ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ይገኛል» ሦስት ጊዜ፣ «በሂደት ላይ ነው» አራት ጊዜ፣ ቁጥር አንድ ጊዜ። አቶ ምንይሉ ሳያነቡ ፈረሙ። ሁሌም እንዲሁ ነው። እስክሪብቶውን ሲያነሱ «ያው ነው አይደል?» ይሉኛል፤ «ያው ነው» እላለሁ፤ ይፈርማሉ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

ምላሹ እንዲወፍር የተቋማቱን ሰንጠረዥ አባሪ አደረግሁበት። ሰንጠረዥ ማንም አያነብም።

ጥር 26

አነበቡት።

«ምላሹ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በአባሪው ተራ ቁጥር 37 ላይ ወይራ አፋፍ ቀበሌ አንድ የጎለበተ፣ በቧንቧ የሚቀዳ ምንጭ እንዳለውና ተጠቃሚዎቹ 412 አባወራ እንደሆኑ ተገልጿል። የቀበሌው ጠቅላላ አባወራ ግን 388 ነው። 412ቱ ከ388ቱ ውስጥ እንዴት እንደተገኙ፣ የተሰላበት መንገድ ይገለጽልኝ።»

ብሩክታይት ከኋላዬ ቆማ አንብባ፣ ሃያ አራቱ ገና ያልተወለዱ ይሆናሉ አለች። መዝገብ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም በላይ።

ያን ሰንጠረዥ የሞላው ባለሙያ ምን ነክቶት ይሆን? የተሞላው በ2011 ነው። ሰውየው ቸኩሎ ይሆናል። መኪናው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ይሆናል። ቢሮ ተቀምጦ መስክ የወጣን ባለሙያ መውቀስ ቀላል ነው።

የካቲት 1

ስብሰባ። ስብሰባ። ምላሽ በጥድፊያ፦ «የቁጥር ልዩነቱ ከአጎራባች ቀበሌዎች ተጠቃሚዎች የመጣ ሊሆን ስለሚችል የማጣራቱ ሥራ በሂደት ላይ ነው።» ያው ነው አይደል። ያው ነው።



የካቲት 5፣ እሑድ፣ ሞጣ

አባቴን ልጠይቅ በግንደወይን በኩል መጣሁ። መሪጌታ አካለ ወልድ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ገና ቅኔ ያጣራል። ስደርስ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው አንድ ተማሪ ቅኔውን እያሰማቸው ነበር። ልጁ ጨርሶ አንገቱን ደፋ። አባቴ «አማረ። የማን ነው?» አሉት። ልጁ መሬት መሬት ሲያይ ያልተጠየቅሁትን እኔን አላበኝ።

ምሳ ስንበላ ሥራ እንዴት ነው አሉኝ። ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ይገኛል አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ አልጠየቁኝም፤ ስለ ሚስትም አልጠየቁኝም። ይሄኛው አዲስ ነው።

መናኸሪያ ላይ ደግሞ ከማን ጋር ልገጣጠም! ቲቸር ሰገነት ጥላቸውን ይዘው፣ የሽንኩርት ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ስሜን አልረሱትም።

«የኔሰው፣ ያ ደብዳቤ ያንተ እጅ ነው አይደል?»

«ፈራሚው ኃላፊው ናቸው፣ ቲቸር።»

«ፈራሚውንማ አይቼዋለሁ። አሁንም አሠራሩን ትዘላለህ ማለት ነው።»

ፈገግ ብለው ነው ያሉት። ፌስታሉን ልያዝልዎት አልኩ፤ ሰጡኝ፤ እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸከምኩ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 8

ዛሬ ከወይራ አፋፍ ይርጋነሽ የምትባል ሴት ሦስት ሰዓት በእግሯ፣ አንድ ሰዓት በመኪና ተጉዛ ቢሯችን ድረስ መጣች። ዘንድሮ በአካባቢያችን ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ዕጣው ውሃ ለሌላቸው ቀበሌዎች ነው፤ ዝርዝሩ መጋቢት 15 ይዘጋል። ወይራ አፋፍ ለምን እንደሌለችበት ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ከቀበሌዋ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው፤ ዳገቱን ጀሪካን ታዝሎ ሁለት ሰዓት። ወገቧን ይዛ ነበር የቆመችው።

ብሩክታይት መዝገቡን ገልጣ አነበበችላት፦ የጎለበተ ምንጭ፣ አንድ። አገልግሎት የሚሰጥ። ሽፋን፣ የተሟላ። ስለዚህ ከዝርዝሩ ውጪ።

ይርጋነሽ አልተቆጣችም። ለመረዳት ስትሞክር ቆየችና «የተጻፈው ውሃ የት እንዳለ ብታሳዩኝ፣ ጀሪካኔን ይዤ እመጣ ነበር» አለች።

ባለሙያው መስክ ላይ ነው፣ ሲመለስ ይነገረዋል አልኳት። አመስግናኝ ወጣች። ብሩክታይት ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ባለሙያ ሁሉ መስክ አይወጣም እንዴ? ምን ታየኛለች?

የካቲት 14

ጾም በገባ በማግስቱ ሦስተኛው ጥያቄ ገባ። ይሄኛው ጥያቄም አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። ወይዘሮ ሰገነት የወይራ አፋፍን ምንጭ መጋቢት 5 በአካል መጥተው ያያሉ። ለምን መጋቢት 5? ማክሰኞ ነው፤ ተራ ቀን። ሰንጠረዡ ላይ «የተቆጠረበት ቀን» የሚል ዓምድ እንዳለ ትዝ አለኝ። ሄጄ አላየሁትም። ዓምዱ የትም አይሄድም።

አቶ ምንይሉ በሩን ዘግተው ጠሩኝ። እዚያ ያለው ምንጭ የምን ምንጭ ነው አሉኝ። የአቦ ጠበል ነው አልኩ። ጭንቅላታቸውን ያዙ። ሳስበው፣ አራት ዓመት ሙሉ እሳቸውም ሰንጠረዡን አላነበቡትም።

መላ ግን አያጡም። አሥራ ሁለት ሜትር ቧንቧ፣ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ሦስት ባለ ቁልፍ ቧንቧ አፍ። ጠበሉ በሳምንት ውስጥ የጎለበተ ምንጭ ይሁን። ይህን ጉዳይ በሰላም ካለፍነው ክፍት የሆነው የቡድን መሪ ቦታ የማን እንደሆነ ይታወቃል አሉ። ቡድን መሪ የኔሰው። ድምፁ አይከፋም።

የካቲት 20

ወይራ አፋፍ። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሲሚንቶውና እኔ።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ተቀመጡ ብለው ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። ጉዳዩን ዙሪያ ጥምጥም ነገርኳቸው፦ ማዘመን፣ ንጽሕና፣ የተጠቃሚ ምቾት። በትዕግሥት ሰሙኝ። ጨርሻለሁ ስል «ልጄ፣ አባትህ መሪጌታ አካለ ወልድ አይደሉም?» አሉኝ።

አዎ አልኩ።

«እሳቸው ያውቃሉ?»

ሲሚንቶውን መልሰን ጭነን ተመለስን። ቧንቧ ሠራተኛው መንገዱን ሙሉ ሲስቅ መጣ። የውሎ አበል ሳይሠራ ያገኘበት የመጀመሪያ ቀን ነው አለኝ።

የካቲት 26፣ እሑድ ከሰዓት

እሽ። ያ ባለሙያ እኔ ነኝ።

ይህን ለመጻፍ አርባ ቀን ፈጀብኝ፤ ያውም ለራሴ ደብተር። ከቅዳሴ መጥቼ እህል ከቀመስኩ ጀምሮ ደብተሩን እያየሁት ነው። አሠራሩን ልጻፈው እንግዲህ።

መጋቢት 5 ቀን 2011። ሪፖርቱ በማግስቱ ይገባል። መኪናው እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የተሰጠኝ። ወይራ አፋፍ ስደርስ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው ከምንጩ እስከ ወይራው ዛፍ ተሰልፏል። ከመኪናው አልወረድኩም። በመስኮት ከሰልፉ አጋማሽ እስከ ጫፍ ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ ስድስት ጀሪካን። ሌላው ግማሽም ይህንኑ ያህል ይሆናል ብዬ በሁለት አባዛሁ። አንድ ጀሪካን አንድ አባወራ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ንግሥ መሆኑን አላወቅሁም ብል የሚያምነኝ አለ? ከበሮው ይሰማል። ነጠላው ያብረቀርቃል። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ መጋቢት አምስት አቦ መሆኑን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። አውቄዋለሁ። ነገር ግን ቅጹ ላይ ባዶ ሣጥን ነበር፤ እኔም ባዶ ሣጥን አይቼ ማለፍ አልችልም። ቅርንጫፉ ደግሞ የውሃ ሽፋን ዕቅዱን፣ ሰባ አንድ በመቶን፣ ለመድረስ አንዲት ቀበሌ ጎድላው ነበር።

ወንዝ ወርዶ መምጣት ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ። በአራት ዓመት ስንት እንደሚሆን መደመር ጀመርኩና ተውኩት። አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የለውም።

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ሰገነት በንግሡ መጡ። ሰልፉ ያው የዚያን ጊዜው ሰልፍ ነው፣ ጀሪካኑም ያው ቢጫ። አቶ ምንይሉ ሰውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ተጠቃሚው በዓይን የሚታይ ነው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቲቸር የተማሪ ደብተር አውጥተው ከሰልፉ ራስ ጀመሩ። ለያንዳንዱ አንድ ጥያቄ፦ ከየት መጣችሁ? ከየጁቤ። ከግንደወይን። ከቢቸና። አንዷ ከሞጣ መጥታ ጎረቤታቸው ሆና ተገኘች፤ ተሳሳሙ። አርባ ሰው ጠይቀው ሦስቱ ብቻ የወይራ አፋፍ ሆኑ። ከሦስቱ አንዷ ይርጋነሽ ናት።

«በዚህ ውሃ ወጥ ትሠሪያለሽ?» አሏት።

ይርጋነሽ አማተበች። «ኧረ በስመ አብ በሉ! እንኳን ወጥ ልሠራበት፣ የተረፈውን ሜዳ ላይ አላፈስም።»

ሰልፉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቁም፤ ጻፉ። አቶ ምንይሉ ስልክ እንደ ተደወለላቸው ሰው ወደ መኪናው አፈገፈጉ።

ያኔ የደብሩ ቄስ አዩኝና ጠሩኝ። እዚህ ምንጭ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይጠቀማል ብለሃል አሉ፣ ከቲቸር ሰምተው ይሆናል፤ አንተ ከነሱ ውስጥ ነህ? አይደለሁም አልኩ። «እንግዲያው ና» ብለው እጄን ይዘው ከጠበሉ ሥር አቆሙኝ። የመጋቢት ጠዋት የአቦ ጠበል እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለማንም መግለጽ አልችልም። ጮህኩ መሰለኝ። ስወጣ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ይርጋነሽ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ወይም ታውቃለች።

ቲቸር ደብተራቸውን ዘግተው በአጠገቤ አለፉ። የሚጠይቁኝን በጽሑፍ ነው የሚጠይቁኝ።

መጋቢት 8

ጥያቄ አራት። «412ን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በምን መንገድ ቆጠረው? አሠራሩ ይገለጽ።»

አልቋል። ሌላ መስመር የለውም። ዝርዝሩ ሊዘጋ ሰባት ቀን ቀረው።

መጋቢት 11፣ ሰኞ

ጠዋት ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ እንዲህ አጭር ምላሽ ጽፌ አላውቅም፦

«ቁጥሩን የቆጠርኩት እኔ የኔሰው አካለ ወልድ ነኝ። ቀኑ መጋቢት 5 ቀን 2011፣ የአቦ ንግሥ ነበር። ቦታው ጠበል ነው። ከመኪና ሳልወርድ የሰልፉን ግማሽ 206 ጀሪካን ቆጥሬ በሁለት አባዛሁ። ወይራ አፋፍ የጎለበተ ምንጭ የለውም። ተጠቃሚ፦ የለም። ሽፋኑ ተሰርዞ ቀበሌው በጉድጓድ ዝርዝሩ እንዲገባ ይሁን።»

ይዤ ገባሁ። አቶ ምንይሉ እስክሪብቶ አነሱ። ያው ነው አይደል አሉ። ያው ነው አልኩ። ፈረሙ። እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነው የገባሁት፤ ከአርብ ጀምሮ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም።

ብሩክታይት ማህተሙን አንስታ ልትመታ ስትል አነበበችው። እሷ ሁሉን ታነባለች። ማህተሙን በአየር ላይ እንደ ያዘች ቀረች።

«ይሄን ጋሼ ምንይሉ አንብበውታል?»

«ፈርመውታል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ። እውነቱንም በመስኮት በኩል ላሳልፈው ነበር ለካ። ሰው ከመኪና ካልወረደ አልወረደም።

ተመልሼ ገባሁና ቆሜ አነበብኩላቸው። «ጠበል» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። ስጨርስ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቀድሞ በነበረ ባለሙያ» በለው፣ ያ ሰው ለቋል ይባላል፣ ጉድጓዱም ይገባላቸዋል፣ አንተም ቦታህን ታገኛለህ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ያኔ ሐሳቡ ጣፈጠኝ።

«ጋሼ፣ እኔ አልለቀቅሁም» አልኩ። «እዚሁ ነኝ።»

መስኮቱን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ፊርማቸውን አዩ። በመጨረሻ የፈረሙትን ሰርዘው እንደማያውቁና በጡረታቸው ዋዜማም እንደማይጀምሩ ተናገሩ። ቡድን መሪነቱን ግን እርሳው አሉ። ረሳሁት። ብሩክታይት ማህተሙን ስትመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

መጋቢት 22

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት ተወሰነብኝ። ደብዳቤውን የሚያረቅቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ለእኔው ተሰጠኝ። ለራስ ማስጠንቀቂያ መጻፍ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። «ከባድ የኃላፊነት ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ምንይሉ መሳቢያቸውን ከፍተው መነጽር አወጡ፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም። ቃል በቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ይሄ ከረረ ብለው «ከባድ» የሚለውን ሰረዙልኝ።

ምሳ ወጥቼ ስመለስ ይህ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ተገልጦ አገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ «የጋብቻ ሁኔታ፦ በሂደት ላይ» ከሚለው ጎን፣ በእርሳስ «አሠራሩ ይገለጽ» ተብሏል። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ፤ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት ነው። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ መስመር አልሠራሁም።

ሚያዝያ 12

ከፋሲካ መልስ ዝርዝሩ መጣ። ወይራ አፋፍ ከስምንቱ ስድስተኛ። ሞጣ አባቴ ዘንድ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ከመኪናው መስኮት ጀምሬ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አሁን ያንተ ነው» አሉኝ።

ይርጋነሽ በሥራ ሰዓት መጣች። ስሟን ዝርዝሩ ላይ የምትፈልግ ይመስል ወረቀቱን ደጋግማ በእጇ ዳበሰችው። በንግሡ ዕለት የሰጠችኝን ነጠላ አጥቤ አስቀምጬ ነበር፤ መለስኩላት። ቆጣሪው እኔ መሆኔን ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ አለች። ቀጥላ ግን መቼ ነው የሚቆፈረው ብላ ጠየቀችኝ። ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት።

ከሰዓት የቲቸር ደብዳቤ ደረሰ። በግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ጥያቄ አራት፦ አሠራሩ ልክ ነው» ይላል። በላዩ በጥቁር፦ «ጥያቄ አምስት። የወይራ አፋፍ ጉድጓድ መቼ ይቆፈራል?»

ወረቀት ሳብኩ። «የቁፋሮው ሥራ በሂደት ላይ» ብዬ ጀመርኩ፤ እጄ ራሱ ነው የጻፈው። ሰረዝኩት። ለቁፋሮ ሠራተኞቹ ደወልኩ፤ አላነሱም። ደግሜ ደወልኩ። በአራተኛው አነሱ። ማሽኑ ግንቦት 14 ይደርሳል፤ ዝናብ መንገዱን ካበላሸው ግንቦት 28። ሁለቱንም ቀን ጻፍኩ፤ የነገረኝን ሰው ስምና የደወልኩበትን ሰዓት ጨመርኩ።

ይዤ ገባሁ። አቶ ምንይሉ ከልማድ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

«ያው ነው አይደል?»

«አይደለም» አልኩ።

እስክሪብቶውን አስቀመጡና መነጽራቸውን ፈለጉ።